ከጥናቱ የደበቅሁት ወንድሜ

በ2016 ዓ.ም.፣ በጥቅምት፣ ማሽላው ፍሬ ይዞ ወፍ በሚጠበቅበት ሰሞን፣ የልጆችን አጥንት የሚያጠኑ ሐኪሞች ወደ መርሳ መጡ። በየትምህርት ቤቱ ዞረው እግራቸው የጎበጠውን፣ ቁመታቸው ከእኩዮቻቸው የቀረውን ልጆች መዘገቡ። የእኔም ልጅ ተመዘገበ።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከብዙ ልመና በኋላ እግዚአብሔር የሰጠኝ የመጀመሪያ ልጄ ነው። ሲወለድ እግሩ ደህና ነበር። መቆም ሲጀምር፣ ገላውን ሲሸከም፣ እየጎበጠ ሄደ። ጉልበቶቹ ተራራቁ። ሲራመድ ከባድ ሸክም እንደ ያዘ ሰው ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ጠዋት ጠዋት እግሩ ተሳስሮ ግድግዳ ይዞ ነው የሚነሳው። የክፍሉ ልጆች «ቅንፍ» ብለው ስም አወጡለት። እግሮቹ ከኋላ ሲታዩ እውነትም ቅንፍ ናቸው።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት እየሳቀ መጣ።

«እማ፣ ዛሬ አፋቸውን አስያዝኳቸው።»

«ምን ብለህ?»

«መምህሩ ሒሳብ ሲያስተምር፣ ቅንፍ ካለ መጀመሪያ የሚሠራው ቅንፉ ነው አለ። እኔም ተነሥቼ ‹ሰማችሁ? ከሁላችሁም በፊት እኔ ነኝ› አልኳቸው። መምህሩ ራሱ ሳቀ።»

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባሁ።

በቀጠሮው ቀን ወልድያ ወሰድኩት። ለጥናቱ በተሰጠው ክፍል ደጅ ላይ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ተሰልፈው ነበር። ቡድኑን የምትመራው ሐኪም ወጣት ሴት ናት። በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች፤ «እናቴ» እያለች ነው የምትጠራኝ። ልጄን አስተኝታ እግሩን ከዳሌው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ለካች። የእጁን አንጓ ዳሰሰች። አፉን አስከፍታ ጥርሱን አየች። ደም ተወሰደለት፤ ራጅ ተነሣ። ከዚያ ወረቀቷን ይዛ ከፊቴ ተቀመጠች።

«እናቴ፣ የልጆች አጥንት የሚለሰልስበት ምክንያት ብዙ ነው» አለችኝ። «አንዱ ከምግብና ከፀሐይ ማነስ ይመጣል። ሌላው በዘር ይወርዳል። ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ለየብቻ ነው። ስለዚህ የምጠይቅሽን በደንብ አስቢበት። በአንቺ ወይም በባለቤትሽ ቤተሰብ እግሩ እንዲህ የሆነ ሰው አለ? ወይም ነበረ?»

«የለም።»

«አጎት፣ አክስት፣ በልጅነቱ የሞተም ቢሆን?»

«የለም።»

«አንቺስ? ቁመትሽ አጠር ያለ ነው።»

«በልጅነቴ ድርቅ ነበር» አልኳት። ይህኛው ውሸት አልነበረም።

የእናቶችንም እግር በራጅ ያዩ ነበር። እኔ ግን የአራት ወር ነፍሰ ጡር ስለነበርኩ «ለፅንሱ ጥሩ አይደለም፤ አንቺ ይቅርብሽ» አለችኝ። ስወጣ ደጁ ላይ ቆሜ እመቤቴን አመሰገንኩ። በሕይወቴ ብዙ አመስግኛለሁ። የማፍርበት ግን ያ ብቻ ነው።

ወንድም ነበረኝ። በስምንት ዓመት ያንሰኝ ነበር። እግሩ ልክ እንደ ልጄ እግር ነበር፤ የእሱ እንዲያውም የባሰ ነበር። ከሰባት ዓመቱ በኋላ መቆም ተወ። ወላጆቼ ከሰው ዓይን ደበቁት። ክፉዎች ሆነው አይደለም። በእኛ አገር ልጅ ሲታጭ ሽማግሌ ዘር ያጣራል። ደዌ ያለበት ዘር ከተባለ የዚያን ቤት ሴት ልጅ የሚጠይቅ የለም። ከሁለታችን በቀር ልጅ አልነበራቸውም። እሱን ማዳን አልቻሉም፤ እኔን መዳር ይችሉ ነበር።

የባለቤቴ ሽማግሌዎች የመጡ ቀን አባቴ ወንድሜን ተሸክሞ ከጎታው ጀርባ አስቀመጠው። ዐሥር ዓመቱ ነበር። እኔ ጠላ እቀዳለሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣

«ልጅ ይህችው ብቻ ናት?» ብለው ጠየቁ።

«ብቻዋን ናት» አለ አባቴ።

ወንድሜ በዚያ ሳምንት ጉንፋን ይዞት ነበር። ሽማግሌዎቹ መርቀው እስኪወጡ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ አላሳለም።

ሠርጌ ሁለት ቀን ሲቀረው እናቴ ለብቻዬ ጠራችኝ። «ስለ ወንድምሽ ለባልሽም ሆነ ለሌላ ሰው ብትናገሪ በእመቤታችን ገዝቼሻለሁ» አለችኝ። መሐላ ሰው በራሱ አፍ የሚገባው ነው። ግዝት ግን ሌላው የሚያስርህ ማሰሪያ ነው። ያፈረሰው ሰው መቅሠፍቱ በልጁ ይወጣል ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት።

ባገባሁ በሁለተኛው ዓመት ወንድሜ ሞተ። ምስጢራችንን የምታውቅ፣ ከወላጆቼ ሰፈር የመጣች ሴት መርሳ ገበያ ላይ አግኝታኝ በሹክሹክታ ነገረችኝ። ከተቀበረ ሳምንት ሆኖታል። ገበያዬን ጨርሼ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ «ዓይንሽ ምን ሆኗል?» አለኝ። «በርበሬ ተራ ቆይቼ ነው» አልኩት። ጥቂት ቆይቶ አባቴ፣ ከዚያም እናቴ አረፉ። እናቴ ግዝቱን ሳትፈታልኝ ነው የሞተችው።

እንግዲህ ሐኪሟ ስትጠይቀኝ አንደበቴ ታስሮ ነበር። ብናገር መቅሠፍቱ ይኸው ከፊቴ በተኛው ልጅ ላይ ይወርዳል ብዬ ፈራሁ። ዝም ያልኩት ለእሱ ብዬ ነው። ለራሴም ብዬ ነው። ባለቤቴ ከነልጄ ያባርረኛል ብዬም ፈርቻለሁ። የትኛው እንደሚበልጥ ዛሬም አላውቅም።

የልጄ ደም ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ሊላክ በበረዶ ተቀምጦ ሳለ መንገድ ተዘጋ። ብዙ ቀን ቆይቶ ተበላሸ። ያንን ምርመራ ወልድያ ላይ ማድረግ አይቻልም አሉን። ደሙ መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ለሐኪሞቹ የቀራቸው የእኔ መልስ ነበር። እሱን አምነው ልጄን ከምግብና ከፀሐይ ማነስ ከታመሙት ልጆች ጋር መደቡት። ቫይታሚን ዲና ካልሲየም ሰጡን። እንቁላልና ወተት አዘዙለት። ፀሐይ እንዲሞቅም ነገሩን።

ከታዘዝኩት አንድም ነገር አላጎደልኩም። ጠዋት ጠዋት እግሩን ገልጬ ደጅ አስቀምጠው ነበር። የንስሐ አባታችን «ሕመምተኛ ነው፤ ይብላ» ብለው በጾም ፈቀዱለት። እኔ ግን ሑዳዴ ሲገባ ቤቴ ውስጥ ወተት ማፍላት ከበደኝ። ይህን ያየች ሙስሊም ጎረቤቴ አጥር ላይ ጠራችኝ።

«አንቺ፣ ልጁን ጠዋት ጠዋት ወዲህ ላኪው። እናንተ ብትጾሙ ላሜ አትጾምም።»

ጾሙ እስኪያልቅ በየቀኑ አጠጣችው። አላህ ይስጥሽ አልኳት፤ ዛሬም እላታለሁ።

መጀመሪያ ላይ ተስፋ አደረግሁ። ምናልባት መመሳሰሉ ብቻ ነው፣ ምናልባት የልጄ ሌላ ነው፣ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። በአራተኛው ወር ሲለካ ለውጥ አልነበረውም። ሐኪሟ ግራ ገብቷት መጠኑን ጨመረችለት። ከዚያ ወዲህ ውኃ ውኃ ይል ጀመር። ሆዱን ያመዋል፣ ይመልሰዋል። የበላው አልተስማማውም ብዬ አለፍኩት። በመጋቢት ሴት ልጅ ወለድኩ። ጤነኛ ነበረች፤ ተመስገን አልኩ። በክርስትናዋ ቀን እግሯን ደጋግሜ ስዳስስ ባለቤቴ አይቶኝ «ምን ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። ክረምት ላይ መንገዱ እንደገና ተዘግቶ አንድ ቀጠሮ አለፈን። መድኃኒቱ ግን በእጄ ነበርና አላቋረጥኩም።

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የዓመቱ ምርመራ ደረሰ። ሕፃኗን አዝዬ፣ ልጄን ይዤ ወልድያ ሄድኩ። ወረፋው ላይ ካለፈው ዓመት የማውቃት የሲሪንቃ ሴት አገኘችኝ። የሁለታችን ልጆች በአንድ ቀን ነበር የተመዘገቡት።

«ያንቺስ እንዴት ሆነልሽ?» አለችኝ። «የእኔዋማ፣ እግዜር ይመስገን፣ ትናንት ዶሮ አባርራ ያዘች! ያውም አውራውን!»

ልጅቷ በመተላለፊያው ትሮጣለች። እግሯ ሊቃና ጥቂት ነው የቀረው። ልጄ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ አያት። ብዙ ጊዜ አያት።

«እማ» አለኝ፣ «እሷ መድኃኒቱን እጥፍ ነው እንዴ የምትወስደው?»

ሐኪሟ የአምናውንና የዘንድሮውን ራጅ ጎን ለጎን ሰቅላ ቆመች። እኔ ምንም አልተማርኩም፤ ግን እግሩ የባሰ መጉበጡ ለእኔም ይታየኝ ነበር።

«መድኃኒቱን ትሰጪው ነበር?»

«አንድ ቀን አልዘለልኩም።»

«አልቆጣሽም። ጠፍቶብሽ ይሆናል፣ ለሌላ ልጅ አካፍለሽ ይሆናል። እውነቱን ብቻ ንገሪኝ።»

«እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፤ አልዘለልኩም።»

አመነችኝ መሰለኝ። ማመኗ ነው የጎዳኝ። ሆዱን በአልትራሳውንድ አየችው። አንድ ቦታ ላይ ደጋግማ ቆየች። ፊቷ ተለወጠ።

«ኩላሊቱ ውስጥ እንደ ኖራ ያለ ነገር ተጠራቅሟል» አለችኝ። «የሰጠነው መድኃኒት አጥንቱን አልረዳውም፤ እዚህ ነው የተቀመጠው። ከዛሬ ጀምሮ አቁሚ።» ወረቀቶቿን ገለጠች። «በዘር የሚወርደው ዓይነት ቢሆን ኖሮ ይህን በዚህ መጠን አንሰጠውም ነበር። ታናናሾቹንም እግራቸው ሳይጎብጥ እንመረምር ነበር። ግን በቤተሰባችን የለም ብለሻል።»

ጀርባዬ ላይ ያለችውን ሕፃን አየቻት። ከዚያ እኔን።

«የለም፣ አይደል?»

አንቀልባዬን አጠበቅሁ። ልጄ ቀና ብሎ አየኝ።

«እኛ ነገ እስከ ቀትር ነው ያለነው» አለች። «ከዚያ የዚህ አካባቢ ሥራ ይዘጋል። ተመልሰን እንምጣ አንምጣ አላውቅም።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብያት ወጣሁ።

በሚኒባሱ ውስጥ ልጄ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ እስከ ሲሪንቃ ውጭ ውጭውን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እማ፣ አለ እንዴ?» አለኝ።

«ምኑ?»

«እንደ እኔ የሆነ ሰው።»

መርሳ እንደወረድን ወደ ቤት አልሄድኩም። ሁለቱንም ልጆች ይዤ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። ሽንኩርታቸውን ውኃ ሲያጠጡ አገኘኋቸው። የቀሚሳቸውን ጫፍ ወደ ወገባቸው አስገብተው፣ አካፋ ይዘው ቦዩን ያስተካክላሉ።

«አባ፣ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ልጄ» አሉ ሥራቸውን ሳይተዉ።

«እንደ ሁልጊዜው አይደለም፣ አባ። ግዝት አለብኝ።»

አካፋውን ተከሉት። ልጄን ከቦዩ ማዶ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ማን ነው የገዘተሽ?»

«እናቴ። ነፍሷን ይማርና።»

«እናትሽ ቄስ ነበሩ?»

«ኧረ አልነበረችም፣ አባ።»

«ስንት ጊዜ ነው በዚህ ዓመት እኔ ዘንድ የመጣሽው? ለልጁ ወተት አስፈቅደሻል። እንቁላል አስፈቅደሻል። ይቺን አንዲት ቃል ግን ዋጥሻት።»

«ፈራሁ። የባለቤቴም የንስሐ አባት አንቱ ነዎት።»

«እኔ ገበያ ወጥቼ የማወራ ሰው ነኝ?» ተቆጡ። ከዚያ ልጁን አዩና ቁጣቸው በረደ። እጃቸውን በቦዩ ውኃ ታጥበው ከደረታቸው መስቀላቸውን አወጡ። እዚያው ሽንኩርቱ መካከል ተንበረከክሁ። ጸሎቱን አደረሱ፤ መስቀሉን ግንባሬ ላይ አድርገው ፈቱኝ።

«ሰባት ቀን ትሰግጃለሽ» አሉኝ። «ስግደቱ ይቆይሽ። መጀመሪያ ነገ ልጁን ይዘሽ ሂጂ።»

ለዐሥራ ስድስት ዓመት የታሰርኩበት ነገር አንድ አባታችን ሆይ ተብሎ የሚያልቅበትን ያህል እንኳ አልቆየም። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም። እንዲህ ቀላል ከሆነ አምና በጥቅምትም ቀላል ነበር። የሽንኩርቱ ማሳ ከቤቴ ሩብ ሰዓት አያስኬድም። በየሳምንቱ በአጠገቡ ሳልፍ ነው ዓመቱ ያለቀው። መቅሠፍቱን ፈርቼ የሸሸሁበት መንገድ ወደ መቅሠፍቱ የሚወስደው እሱ ራሱ ነበር። ፈጣሪዬን አላማርርም። የሚሰማኝን ካህን፣ የምትጠይቀኝን ሐኪም፣ ደጄ ድረስ ልኮልኝ ነበር። ያልተናገርኩት እኔ ነኝ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ባለቤቴን አውድማው ላይ አገኘሁት። የወቃውን ማሽላ ይከምራል። ቆሜ ነገርኩት። ሲሰማ መንሹን አልለቀቀም።

«ወንድም ነበረሽ?»

«ነበረኝ።»

«መቼ ሞተ?»

«በተጋባን በሁለተኛው ዓመት።»

«አማች ነበረኝ ማለት ነው» አለ። ማሽላውን እያየ ነው። «አማቼ ሲቀበር እኔ ምን ስሠራ ነበርኩ? ሳሩን ሳጭድ? ለቀስተኛ ሆኜ ያልቆምኩበት የሰው ቀብር የለም በዚህ አገር።»

«ያኔ ብነግርህ ትተወኝ ነበር?»

«እንጃ» አለ። «ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከእናቴ አፍ በቀር የሌላ ሰው ቃል አልሰማም ነበር። ምናልባት እተውሽ ነበር።»

ልቤን ሊያሳርፍ ብሎ አልዋሸም። ስለዚህ አመሰግነዋለሁ።

«አሁንስ?» አልኩት።

«አሁን ልጁ ከመኪና ተራ እስከ ሐኪሞቹ ድረስ በእግሩ ሊሄድ ነው?»

«ባጃጅ እንይዛለን።»

«እኔ አዝለዋለሁ» አለና ወደ ማሽላው ዞረ። ማታ እራቱን አልበላም።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ ወጣን። እሱ ልጁን አዘለ፤ እኔ ሕፃኗን አዘልኩ። ወልድያ ስንደርስ ሐኪሞቹ ዕቃቸውን በካርቶን እያሰሩ ነበር። ሐኪሟ ስታየኝ ካርቶኑን ተወች።

«ወንድም ነበረኝ» አልኳት፣ ገና ሳልቀመጥ። «እግሩ እንደዚህ ነበር። እኔም በልጅነቴ ጉልበቴን ያመኝ ነበር። ጥርሴም ቶሎ ነው የረገፈው።»

አልተቆጣችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አምና ብትነግሪኝ...» ብላ አቆመች። ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ አዲስ ወረቀት አውጥታ ትጠይቀኝ ጀመር፤ በስንት ዓመቱ መቆም ተወ፣ ጥርሱ እንዴት ነበር፣ ከእናቴ ወንድሞችስ እንዲህ የሆነ ነበር? የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት። ባለቤቴ ከበሩ ጋ ልጁን አቅፎ ቆሞ ይሰማል። ልጄም ይሰማል።

«የዚህኛው መድኃኒት እዚህ የለም» አለች ስትጨርስ። «አዲስ አበባም አንዳንድ ጊዜ ይጠፋል። ልፈልግ። ቢገኝም እስካሁን የጎበጠውን አያቃናውም። ኩላሊቱን ደግሞ... አላውቅም፣ እናቴ። አላውቅም።»

«እሺ» አልኳት። «እግዜር ይስጥልኝ።»

«ሕፃኗንም ልያት።»

ነጠላዬን አነሣሁ፣ አንቀልባውን ፈታሁ፣ ሕፃኗን ጠረጴዛው ላይ አስተኛሁ። እንቅልፍ ላይ ነበረች። ደም ሊወስዱ መርፌውን ሲያስገቡ ነቅታ ጮኸች። እንዳትወራጭ እጇን ያዝኩላቸው።